እናቴን በማን ስም ልፈልጋት?

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ ፎገራ ላይ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ስም ሲጠየቅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ አወራሁት፤ ጽፌው ግን አላውቅም ነበር። የአማርኛ መምህራችን «አንቺ እኮ መጻፍ ትችያለሽ፣ ምን ያስፈራሻል?» ስላሉኝ ይኸው ጻፍሁት።

እናቴ ዘመናይ ትባላለች። ወረታ ያለው ሰፈራችን በሙሉ ዘመናይ ነው የሚላት። መታወቂያዋም ላይ ዘመናይ አያሌው ተብሎ ነው የተጻፈው። የተወለደችው ደራ፣ ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ነው። ወላጆቿ እኔ ሳልወለድ ስለሞቱ ወደዚያ ብዙም አንሄድም። ከእናቴ ወገን በደንብ የማውቀው አጎቴን ደሳለኝን ብቻ ነው። እሱም ታናሿ ስለሆነ «እታለም» ይላታል እንጂ በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ለዘመድ ተዝካር አንበሳሜ ሄዳ ነበር። ማክሰኞ ጧት ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል ስልክ ተደወለ። አጎቴ ነው።

«ባንቺአየሁ፣ እታለምን ሌሊት ሆዷን አሟት ባሕር ዳር አምጥተናታል። ትርፍ አንጀት ነው፣ መቀደድ አለባት እያሉ ነው» አለና የሆስፒታሉን ስም ነገረኝ። «አባትሽን ይዘሽ...» ሲል ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው። ደግሜ ብደውል ዝግ ነው።

አባቴ ናቤጋ በኩል ሩዝ ውቂያ ላይ ነበር። የእሱም ስልክ ከተዘጋ ሁለት ቀኑ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ካሳዬ «አባትሽን እኔ አስጠራዋለሁ፤ አንቺ ቁመሽ አታልቅሽ፣ ሂጂ!» ብለው ገፉኝ። ሣጥን ከፍቼ የእናቴን መታወቂያ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

የጉማራን ድልድይ ስናልፍ እንባዬ አመለጠኝ። ሐሙሲት ላይ ሹፌሩ ሰው ለመጫን ሲቆም ልጮህበት ምንም አልቀረኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ቄስ «ምን ሆነሻል ልጄ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ። «ወለተ ሥላሴ» አልሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም፤ ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነበር።

ሆስፒታሉ ደርሼ በመዝገቡ መስኮት ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው ቀና ሳይል «ስም?» አለኝ።

«ዘመናይ አያሌው።»

ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «የለችም።»

«ዛሬ ሌሊት ነው የመጣች፣ ከአንበሳሜ።»

«እህቴ፣ ዘመናይ የሚል የለም። መዝገቡ መቼም ሰው አይበላ!»

መታወቂያዋን ሰጠሁት። አይቶ መለሰልኝ። ቄሱ የጠየቁኝ ትዝ ብሎኝ «ወለተ ሥላሴ ተብላ ይሆን?» አልሁት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሱም «ይኼ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ብሎ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያየው ተወው። እንደገና መዝገቡ ላይ አጎነበሰ።

«ሌሊት ከደራ የመጡ፣ አባታቸው አያሌው የሆነ ሁለት አሉ። አትጠገብ አያሌው እና ስንዱ አያሌው። ከሁለቱ አንዷ ናት?»

«አይ፣ እናቴ ዘመናይ ናት» አልሁ። ሁለቱንም ስሞች ቤታችን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ይኼን ጊዜ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ መስመር አየሁ። ከሁለቱ ስሞች በአንደኛው ላይ ነው። መዝገቡ ለእኔ የተገለበጠ ስለነበር የቱ ላይ እንደሆነ አልለየሁትም። ሰውየው ቀስ ብሎ እጁን አሳረፈበት።

«ይኼ መስመር ምንድን ነው?» አልሁት።

«ከትልቅ ሰው ጋር ነው የመጣሽው?» አለኝ።

ትልቅ ሰው ጥያቄሽን በጥያቄ ሲመልስልሽ መልሱን ታውቂዋለሽ፤ የተሰመረባት ሞታለች። ግን ሁለቱም ስሞች የእናቴ አይደሉም፤ እሷ ሌላ ቦታ ተወስዳ ይሆናል ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ወጥቼ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥሁ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ጥር ጎረቤታችን ቤት ሙሽራ ገብታ ነበር። ስሟ ብርቱካን ነበር፤ አማቷ በማግስቱ የኔአለም ብለው ስም አወጡላት። እንግዲህ በእኛ አገር ልማዱ ይኸው ነው፤ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርቱካን የሚላት ሰምቼ አላውቅም፤ እኛም ራሳችን ረስተነዋል። እናቴም እኮ አንድ ቀን ሙሽራ ነበረች! ዘመናይ ያላት ማን ነው? አያቴ፣ የአባቴ እናት! ታዲያ ከዚያ በፊት ማን ነበረች?

መጽናናቴ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እናቴ ከሁለቱ አንዷ ልትሆን ትችላለች። አንዷ ደግሞ መስመር ተሰምሮባታል። ተመልሼ እንዳልጠይቅ ምን ብዬ? የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ የእናቴን ስም አላውቀውም። 

አንዲት ነርስ ስታልፍ አይታኝ ቆመች። እያለቀስሁ፣ ቃሉ እየተምታታብኝ ነገርኋት። ትዕግሥቷ የሚገርም ነው፤ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ያንቺ ስም ማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ ምን ያደርጋል ሲስተር?»

«ንገሪኝ እስቲ።»

«ባንቺአየሁ።»

«ለእናትሽ የመጀመሪያ ልጅ ነሽ?»

«አዎ።»

እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በግራም በቀኝም አልጋ፣ በየአልጋው አጠገብ አስታማሚ ሞልቷል። በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ «የባንቺአየሁ እናት!» አለች።

ጥቂት ሰዎች ዞረው አዩን።  ሁለተኛ ተጣራች፤ «የባንቺአየሁ እናት!»

ከወዲያ ዳር፣ ከግድግዳው ሥር «አቤት» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። እናቴ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ደርቋል። «ትምህርትሽን ትተሽ መጣሽ?» ነው ያለችኝ መጀመሪያ። ነርሷ እኔን ቀና ለማድረግ እየሞከረች «እኛ አገር፣ ወላይታ፣ ሴት ከወለደች በልጇ ስም ነው የምትጠራው። እናቴን የኔ ታላቅ ወንድም እናት ይሏታል እንጂ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። እናት ስሟ ቢጠፋባት ልጇ አይጠፋባትም ብዬ ነው» አለችኝና ሥራዋ ጠርቷት ሄደች። በወጉ እንኳ አላመሰገንኋትም።

አጎቴ ውጭ መድኃኒት ሊገዛ ሄዶ ኖሮ እያለከለከ ገባ። «ማን ብለህ ነው ያስመዘገብኻት?» አልሁት።

«ስሟን ነዋ! አትጠገብ!»

«ዘመናይ አይደለችም እንዴ?»

«ያ ያንቺ አያት ያወጡላት ነው። እኛ ምን አግብቶን!» አለ፣ እንደ መቆጣት ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። አባቴ ሩዙን ከነገለባው ልብሱ ላይ ይዞ ደረሰ። «አባዬ፣ የእማዬን ስም ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ስጠይቀው «አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴ ደግሞ ሲሻላት «አባቴ ከሞተ ወዲህ አትጠገብ ያለኝ የለም። እዚህ ሲጠሩኝ ሌላ ሰው መስሎኝ ዝም ብያቸው ነበር» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው «አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል!» ብላ ሆዷን ያዘች። ያሳቅኋት እኮ እኔ አልነበርሁም።

አሁን እናቴ ደህና ናት። ሁለት ስም ያላት እናት ስላለችኝ ደስ ይለኛል፤ ለብቻችን ስንሆን አትጠገብ ብዬ እጠራታለሁ፣ እንደ ልጅ ታፍራለች። ክፍላችን ያሉትን ልጆችም «የእናታችሁን ስም ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። በነጋታው ሦስቱ ሰምተውት የማያውቁትን ስም ይዘው መጡ፤ ያን ጊዜ ሳቁ የኔ ሆነ።

ቀዩ መስመር የተሰመረባትን ስንዱ አያሌውን ግን አልረሳኋትም። ስንዱ የተወለደችበት ስሟ ይሁን ወይም አማቷ ያወጡላት አላውቅም። እኔ «አቤት» የሚለውን ድምፅ ሰምቼ በአልጋዎቹ መሃል ስሮጥ፣ ምናልባት በዚያው መስኮት ላይ ሌላ ልጅ ቆማ፣ መዝገቡ ላይ የሌለ ስም ትጠራ ነበር።