ካሜራው ወደ አርቦሬ ይሂድ ወይስ ይቅር

የበደለችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ጊዜው ልጄ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የነበረው ክረምት ነው፤ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። በፊቷ አንቱ እላት ነበር። እዚህ አልላትም። ሞታለችና ሙት ወቃሽ የሚለኝ አይጠፋም፤ በሕይወት ሳለችም ይህንኑ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ስጨርስ «ሻይ ቅጂልኝ» ነው ያለችኝ።

እኔ የተወለድኩት ከጂንካ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው፤ አባቴ የአሪ ብሔረሰብ ገበሬ ነበር። አስተማሪ ሆኜ ከተማ ገባሁና ነጋዴ አገባሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ከመሀል አገር መጥተው ገበያው ዳር የጅምላ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እህቱ ናት፤ በቤታችን ከእሱ ቃል በፊት የእሷ ይሰማ ነበር። ስናገር አንዳንድ የአማርኛ ቃል ሲያደናቅፈኝ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ትነክሳለች። ልጆቿን አማርኛ ማንበብ ያስተማርኳቸው ግን እኔ ነኝ። በሃይማኖት ነገር ያሳለፍነውን አልጽፍም።

ልጃችን በሁለት ዓመቷ በማጅራት ገትር ታመመች። ዳነች፤ መስማት ግን ቀረ። ያኔ ጂንካ ውስጥ እሷን የሚቀበል ክፍል አልነበረም። ስለዚህ እኔና እሷ በእጃችን መነጋገር ጀመርን። ያስተማረን የለም። ጥቂቱን ምልክት እኔ አወጣሁ፤ ብዙውን እሷ።

እኔን ስትጠራ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አፋትጋ እፍ ትላለች፤ የጠመኔ ብናኝ ማለት ነው። አባቷ የሸሚዝ ኪስን መታ መታ ማድረግ ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ራስ ላይ የተጫነ ሸክም በሁለት እጅ መደገፍ ነው። አክስቷ ወገብ ላይ ቁልፍ ማዞር ናት፤ የሱቁን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታው አታውቅም ነበርና። አውሮፕላን ደግሞ በመዳፍ ከብት ማባረር ነው። ማረፊያው ያኔ መሀል ከተማ ያለ የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ዘበኛው የሚግጡትን ከብቶች ያስወጣል። ልጄ ድምፁን ስለማትሰማ መምጣቱን የምታውቀው በከብቶቹ ሩጫ ነበር። አክስቷ በበሩ ብቅ ስትል ከብት የማባረሩን ምልክት ታሳየኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች። ሜዳውን ልቀቁ፣ ልታርፍ ነው ማለቷ ነው። በስምንት ዓመቷ! እኔም እስቅ ነበር። በዚያ ቤት ከልቤ የሳቅሁት በዚህ ብቻ ነው።

ባለቤቴ አምስት ስድስት ምልክት ያውቃል፤ ብዪ፣ ነዪ፣ ተኚ። ከእኔና ከእሷ በቀር ሌላውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሩቅ ከተማ ባለ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ተገኘላት። ለምዝገባ ስሄድ ያነጋገረችኝ አስተማሪ ደግ ሴት ነበረች። «የቤቷን ምልክት ቶሎ ትተወዋለች፤ ትክክለኛውን ትለምዳለች፤ አይስጉ» አለችኝ። ያለችው እኔን ለማጽናናት ነው። እንድትማር ፈልጌ ነበር፤ አስተማሪ ነኝ። ግን ትተወዋለች የተባለው ነገር ልጄ እስከዚያ ቀን ድረስ የተናገረችው ሁሉ ነው።

ደብተር ገዝቼ ምልክቶቹን መጻፍ ጀመርኩ። «እጇን ወደ ደረቷ አምጥታ ታዞራለች» ብዬ እጽፋለሁ። በሳምንቱ ሳነበው የትኛውን እጅ እንደሆነ፣ ወዴት እንደምታዞረው፣ ፊቷ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር የለበትም። የልጄ ንግግር ግማሹ ቅንድቧ ላይ ነበር። ቅንድብ አይጻፍም። ደብተሩን ተውኩት።

የቪዲዮ ካሜራ ግን ነበረን። ባለቤቴ ለሰርግ ሊያከራየው ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው፤ ትንንሽ ካሴት የሚጎርስ። የሚቀመጠው ሱቁ ውስጥ በእህቱ ቁልፍ ሥር ነው፤ ለሰርግ ካልሆነ አይወጣም። ያ ነሐሴ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከሚሠራበት ከቆላው ከአርቦሬ «ሁላችሁም መጥታችሁ ጥቂት ቀን እረፉ» ብሎ ላከብን። አብረን ለእረፍት ስንወጣ የመጀመሪያችን ነበር። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ሱቅ የለም፣ ጭቃና ዝናብ የለም፤ ልጄን ብርሃን ላይ አስቀምጬ ያላትን ሁሉ አስነግሬ እቀርጻታለሁ። ባለቤቴን ለመንኩት። እሺ ብሎ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ካሜራውን ወደ ቤት አመጣው።

እህቱ ምሳ ላይ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አየችው።

«ይኼ ደግሞ የት ሊሄድ ነው?»

«አርቦሬ እንውሰደው ብዬ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«አርቦሬ! ያንን ከመኪና ያወጣሽ እንደሆነ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ፎቶ፣ ፎቶ እያለ ሲከበን ይታየኛል። ምን ነን፣ ቱሪስት ነን?»

«ሰዉን አንቀርጽም። የራሳችንን ነው።»

«የራሳችንን ምን አለን? እኔ መኪና ውስጥ ሳስመልስ ልትቀርጪኝ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «እናያለን» አለ። በእሱ አፍ እናያለን ማለት እህቴ ትወስን ማለት ነው።

ያለችው ሐሰት አልነበረም። ካሜራ የያዘ ሰው በዚያ በኩል ፎቶ አንሡንና ክፈሉን እየተባለ እንዴት እንደሚከበብ የማያውቅ የጂንካ ሰው የለም። ግን ይህ የአደባባይ ምክንያቷ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቆሎ ስጠብስ አጠገቤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ስሚኝ፣ የኛ መምህርት። እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ ምን ታሳዪዋለሽ?»

«ምን አሳየዋለሁ?»

«ቪዲዮ ነዋ! ምግቡ እስኪቀርብ ግድግዳ ሊያይ ነው? እስከ ዛሬ የምናሳየው የሰው ሰርግ ነበር። የራሳችን ሽርሽር ከመጣማ የማያየው የለም። አሁን ለልጄ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ እዚሁ ሶፋ ላይ ነው የሚቀመጡት። ያንቺዋ እጇን እንዲህ እንዲህ ስታደርግ አይተው ‹በዘራቸው አለ› ቢሉስ?»

እጇን ፊቴ ላይ አራገበችው። ምንም ማለት አልነበረም። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ብላ አታውቅም።

«በበሽታ የመጣ ነው፣ እትዬ። የዘር አይደለም። እርስዎም ሆስፒታል አብረውኝ ነበሩ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ቆመሽ ልታስረጂ ነው?»

«ካሴቱን እደብቀዋለሁ። ማንም አያየውም።»

«ሰው የማያየው ከሆነ ለምን ይቀረጻል?»

ለራሴ ነው ማለት ነበረብኝ። በዚያ ቤት ለራሴ ብሎ ነገር አልለመደብኝም።

«እኔ ክፉ አይደለሁም» አለች ስትነሳ። «የለበሰችውን ቀሚስ ማን ገዛላት? ትሂድ፣ ትጫወት። ካሜራው ግን ይቅር።» ከዳቦ ቆሎው አንድ እፍኝ ዘግና ወጣች።

ማታ መብራት ሲመጣ ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰካሁ። ጠዋት ባትሪውን ካሜራው ላይ ገጥሜ፣ በልጄ ሹራብ ጠቅልዬ ከቦርሳው ሥር ከተትኩት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ወጣና መኪናው ላይ ጫነው። ያን ጊዜ ወደድኩት። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

መንገዱ ሙሉ ቀን ፈጀብን። እህቱ እንዳለችው የቀይ አፈር ከተማን ሳናልፍ ማስመለስ ጀመረች። አርቦሬ ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ የጂንካን ሹራብ አውልቀን ጣልን። በማግስቱ ጠዋት ወንድምየው ሁሉንም ወደ መንደሩ ሊያሳያቸው ይዟቸው ሲወጣ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ከልጄ ጋር ቀረሁ። ግቢው ውስጥ ግራር ነበረ። ከጥላው ወጣ አድርጌ አስቀመጥኳት። ከመንገዱ ጀምረሽ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ፣ ይህ ይይዘዋል አልኳት። ካሜራ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የሰው ሰርግ አብራን አይታለች። ቀሚሷን አስተካከለች፤ ፀጉሯን በምራቋ አረጠበች።

ቁልፉን ተጫንኩት። አልበራም። ደግሜ ተጫንኩት። ገልብጬ ሳየው ባትሪው የሚገባበት ቦታ ባዶ ነው።

ልጄ ግን ጀምራ ነበር። እንደዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም። ማቆም ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። እንዳይከፋት ብዬ የማይሠራውን ካሜራ አንስቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። በካሜራው መመልከቻ መስኮት ውስጥ ምንም አይታይም፤ ጨለማ ነው። እየቀረጽኩ ለመምሰል ዓይኔን ጨለማው ላይ ስለተከልኩ፣ ልጄ ከነገረችኝ አብዛኛውን አላየሁትም። አንዳንዴ ብቻ በካሜራው ጎን አሾልቄ አያለሁ፤ መንገድ ላይ የቆመች ፍየል፤ የመኪናው መስኮት ላይ የተደፋች ባለ ቁልፍ አክስት፤ ራሳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ የጣሉ ሴቶች። ለእነሱ እዚያው አዲስ ምልክት አወጣችላቸው፤ ምን እንደነበረ ዛሬ አላስታውስም። በመጨረሻ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ አሳዪኝ አለችኝ። ጂንካ ስንገባ አልኳት።

ባለቤቴ ሲመለስ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት።

«ባትሪው የት አለ?»

«ሱቅ ነው።»

«ማን አወጣው?»

መሬት መሬት አየ። «ስጭነው አወጣሁት። እታለም ናት ቦርሳዋን ፈትሽ ያለችኝ። ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ነው እንጂ... ሌላ ጊዜ ትቀርጫታለሽ።»

«የምትሄደው መቼ ነው?»

የምትሄደው በዚያው ሳምንት ነበር። ያልኩትን ሌላ ቃል ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ጂንካ በተመለስን ቀን ካሜራው ሱቅ ገባ፤ በማግስቱ ለሰርግ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ልጄን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አዳሪ ቤቱ በር ላይ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አፋትጋ እፍ አለችብኝ። ከዚያ በኋላ ስሜን እንደዚያ ጠርታው አታውቅም። ለእህትየው ልጅ ይላካሉ የተባሉት ሽማግሌዎችም አልመጡም። ሊጠይቃት የነበረው ወጣት የሌላ ሰው ልጅ አገባ።

በሚቀጥለው ክረምት ስትመለስ አድጋለች፤ እጆቿ ፈጣንና ቀጥ ያሉ ሆነዋል። የእኛን ምልክት አሳየኋት። አየችኝና ፈገግ አለች፤ የሕፃንነት ኮልታፋ ንግግሩን ሌላ ሰው ሲደግምለት ሰው እንደሚያፍር። ጥቂቱን አወቀችው፤ ብዙውን አላወቀችውም። እኔም የእሷን አላወቅሁትም። ለምን የትምህርት ቤቱን ቋንቋ አልተማርሽም የሚሉኝ አሉ። አንድ ጊዜ ሥልጠና ነበር፤ ከሥራ አልለቀቁኝም። ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው የሠራውን ቋንቋ ከልጄ ጋር ለመናገር ሀ ብዬ መጀመር አንገሸገሸኝ። ይህ ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው። እህትየው ላይ የምጭነው አይደለም።

ዛሬ ስልክ ሁሉ ካሜራ ነው። ልጄ እንደ እሷው መስማት የተሳነው ባል አግብታ ሌላ ከተማ በልብስ ስፌት ትኖራለች። በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ትደውላለች። እጇን ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስትጨርስ በጽሑፍ «እማ ደና ነሽ» ትለኛለች። ደህና ነኝ ብዬ እጽፋለሁ። ምን ነግራኝ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

ልጄን አድርሼ በተመለስኩበት ወር የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ከጂንካ ወጣ ባለችው ካኮ፣ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። አንድ ክፍል ተከራይቼ እስከ ጡረታዬ እዚያ አስተማርኩ። ባለቤቴን አልፈታሁትም። በወር አንድ ጊዜ ይመጣ ነበር፤ ምሳ አቀርብለት ነበር፤ በመጨረሻው መኪና ይመለስ ነበር። እህቱ ስትሞት ጂንካ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። በአራተኛው ቀን ተመለስኩ።