የባንቺአየሁ ዘጠኝ ሰዓት

አለኸኝ በአገሩ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በእርሻውና በቅናቱ። ከቡሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብላ ባለችው መንደር እንደሱ አጥልቆ የሚያርስ አልነበረም፤ እንደሱ የሚቀናም አልነበረም። በሬው ለወንድሙ ድምፅ ቶሎ ከታዘዘ ይቀናል። ልጁ ለአያቷ ከሳቀች ይቀናል። አንድ ዓመት ቄሱ የጎረቤቱን አውድማ ሲባርኩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ ብሎ ወር ሙሉ አኮረፈ ይባላል። እኔ ወር ሙሉ የሚሉትን አላምንም፤ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም።

ሚስቱ ባንቺአየሁ ይህን ሁሉ ችላ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ፈረስ ቤት ከሚባል አገር የመጣች ናት፤ ደገኛ፣ ቁጡ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ። ሲጨቃጨቁ እሷ አንድ ቃል ትናገራለች፣ እሱ ሦስት ይመልሳል፣ ሴት ልጃቸው ተራ በተራ ታያቸዋለች፤ ከዚያ እራት ይቀርባል። ጣሊያን ቡሬ ላይ ካምፑን ከሠራ ወዲህ ግን ጭቅጭቃቸውም ጣዕም አጣ።

ጊዜው ሰው የሚያርፍበት ጊዜ አልነበረም። ዛሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በመኪና የሚሄድ ሰው አንቀላፍቶ የሚያልፈው መንገድ፣ ያኔ እንደ አለኸኝ ያሉ ሰዎች ዶማ ይዘው በግድ የሚቆፍሩት ነበር። እሱም በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ድንጋይ ሲፈነቅል ይውላል። በቀሩት ቀኖች አዝመራውን ይሰበስባል። ከእህል ጉድጓዱ ሥር የአባቱን ጠመንጃ ቀብሮ ስለነበር ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። የበላው አይረጋለትም፤ የተኛው አይበቃውም።

በዚያ ዓመት ከኅዳር ሚካኤል ማግሥት ጀምሮ ባንቺአየሁ ተለወጠች። የተለወጠችው ወደ ክፉ ቢሆን ምክንያቱን ያውቀው ነበር፤ እሷ ግን ወደ ደግ ተለወጠች። ጩኸቷ ቀረ። ልጅቱ ወጥ ብትደፋ «አይዞሽ፣ ይጠረጋል» አለቻት፤ ልጅቱ ይህን ስትሰማ ከቁጣው በላይ ደነገጠች። የጣሊያን አውሮፕላን ሲያልፍ ባንቺአየሁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ትተነፍስና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አንዳንዴም ታንጎራጉራለች።

አለኸኝ አንጀቱ አረረ። የሱ ጀርባ በድንጋይ ሲሰበር እሷ ታንጎራጉራለች። በዚህ ዘመን ሰላም ከየት ይመጣል? ከቤቱ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ያውቀዋል። እንግዲያው ከውጭ ነው። የሰጣት ሰው አለ።

ከዚያ እንስራውን ልብ አለ። ባንቺአየሁ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የነቢያትን ጾም እህል ሳትቀምስ እንደዋለች፣ እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። ውሃ መቅዳት ነውር የለውም። ነገር ግን ጧት የቀዳችው ውሃ ጓዳ ውስጥ ሞልቶ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ያመጣችውን ጎመኑ ላይ ስታፈሰው አይቷታል። ወንዙ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ሌላ ሴት ሁለቴ ደርሳ በምትመለስበት ጊዜ እሷ አንዴ ነው የምትመለሰው። ይባስ ብሎ፣ ለዚያች አንድ ሰዓት ስትል ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እንደምትፈጭ ደረሰበት። ለሱ ብላ እንዲህ ማልዳ ተነሥታ አታውቅም።

«ባንቺአየሁ፣ ጓዳ ውሃ የለም?» አላት አንድ ቀን።

«አለ።»

«ታዲያ ወንዝ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

«ውሃ ልቀዳ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ አሸሸች።

ይህን በሆዱ ይዞ ወደ መንገድ ሥራው ወረደ። እዚያ ሀይሉ የሚባል የካምፑ አስተርጓሚ ነበር፤ ኮፍያውን ወደ አንድ ጎን የሚደፋ፣ ባለ በቅሎ፣ ድንጋይ ነክቶ የማያውቅ። አለኸኝ አጠገብ ሲደርስ ልጓሙን ያዝ አደረገና «አለኸኝ፣ ሚስትህን ወንዝ ዳር አየኋት። ደልቷታል» ብሎት እየሳቀ አለፈ። ያን ቀን አለኸኝ የፈነቀለው ድንጋይ ሁሉ የሀይሉን ራስ መሰለው።

ያኔ ቆረጠ። የገና በዓል ሳይገባ ይይዛታል። ከያዛት ልጁን አስቀርቶ ፈረስ ቤት፣ አባቷ ቤት ይሰዳታል። የዘጠኝ ዓመት ትዳር በዚያች አንድ ሰዓት ላይ ተንጠለጠለ።

መጀመሪያ ግን የሁለቱም የነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ መምሬ እጅጉ ሄደ።

«መምሬ፣ ባንቺአየሁ የነገረችዎ ነገር አለ?»

«ብዙ አለ።»

«ለኔ የሚነገር?»

«ለአንተ የሚነገረው የአንተ ኃጢአት ነው። እሱንም ይዘህ ከመጣህ ዓመት ሊሞላህ ነው» አሉት።

አለኸኝ በመምሬ እጅጉም ቀና። ስለ ገዛ ሚስቱ እሳቸው የሚያውቁትን እሱ አያውቅም።

ታኅሣሥ ሃያ ቀን የመንገድ ሥራ ተራው ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ጅራፍ እንደሚጠብቀው እያወቀ ቀረ። ወንዙ ዳር ከቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ እሾሁ እየወጋው፣ ሽመሉን ታቅፎ ጠበቀ። ባንቺአየሁ በሰዓቷ መጣች። እንስራዋን አወረደችና ልብስ የሚታጠብበት ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። አማተበች፣ አባታችን ሆይ ደገመች። ከዚያ በኋላ ምንም አላደረገችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ውሃው ሲያልፍ ታያለች።

በመሐል የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። አለኸኝ ሽመሉን አጥብቆ ያዘ። ሀይሉ ከላይ መሻገሪያው ላይ በቅሎውን ውሃ አጠጣ፤ ባንቺአየሁ ቀና ብላም አላየችው። እሱም በቅሎው እስክትጠግብ እያዛጋ ቆየና መንገዱን ቀጠለ።

ሌላ ባል ቢሆን እዚህ ላይ እፎይ ብሎ በመጣበት ይመለስ ነበር። አለኸኝ ግን ፊቷን አየ። በሠርጋቸው ሰሞን ያየው ፊት ነበር፤ ግንባሩ የተፈታ፣ ከንፈሩ ገርበብ ያለ። ከዚያ ወዲህ ለሱ ያላሳየችውን ፊት ለወንዝ ታሳያለች። ወንድ ቢሆን ይመታው ነበር። ውሃን ምን ያደርገዋል?

ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣና እንስራውን በሽመሉ መታው። ገሉ ወንዙ ውስጥ ተበተነ።

«ማነው?» አላት።

«ማን?»

«ይህን ሰላም የሰጠሽ።»

እግሯን ከውሃው አወጣች።

«ዛሬ ካልነገርሽኝ ነገ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ። ልጄ ከኔ ጋር ትቀራለች።»

ባንቺአየሁ ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር የወደቀውን ገል አነሣች። ከዚያም ነገረችው። «ለሚካኤል ሰሞን አውሮፕላን ሲያልፍ እጄ አልታዘዝ አለኝና ልጅቱን በማማሰያ መታኋት። ዓይኗን ለጥቂት ነው የሳትሁት። አንቱ መንገድ ሥራ ነበሩ። ለመምሬ ተናዘዝሁ። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ‹ወፍጮው ላይ ስትሰግጂ ነው የምትውይ፤ አርባ ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሥራ ፈተሽ ተቀመጭ› አሉኝ። ‹ለማንም እንዳትነግሪ፤ ከነገርሽ ይፈርሳል፣ ከአንድ ትጀምሪያለሽ› አሉኝ። ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛዬ ነበር።»

አለኸኝ በእጇ የያዘችውን ገል አየ።

«መቀመጥ ቀላል እንዳይመስልዎ» አለች። «የመጀመሪያውን ሳምንት ወፍጮው፣ እህሉ፣ ጠመንጃው እየመጡብኝ ስነሣ ስቀመጥ ነው የጨረስሁት። ኋላ ነው ልቤ የተመለሰልኝ። እንግዲህ ነገ ከአንድ እጀምራለሁ።» ይህን ብላ ያለ እንስራ ዳገቱን ወጣች።

በማግሥቱ ሥራ ላልወጣበት ቀን ካቦው አሥር ጅራፍ አስገረፈው፤ ሀይሉም በሁለት ቋንቋ ቆጠረለት። ያን ያህል አልከበደውም። የከበደው ማታ ሚስቱ ጀርባውን ቅቤ ስትቀባ አንዲትም የወቀሳ ቃል አለመናገሯ ነው። ጀርባው ሳይሽር ወደ መምሬ እጅጉ ሄዶ እግራቸው ሥር ወደቀ፤ ሳያስቀር ሁሉንም ተናዘዘ።

«አርባ እንስራ ውሃ ትቀዳለህ» አሉት። «መንገድ ሥራ በማትወጣበት ቀን ሁሉ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በጀርባህ አዝለህ፣ ሰው እያየህ። ለምን እንደሆነ ለማንም አትናገርም፤ ለሚስትህም ቢሆን።»

«መምሬ፣ ወንድ እንስራ ያዝላል?»

«ወንድ እንስራ ይሰብራል?» አሉት።

በዚያ አገር ወንድ ውሃ ሲቀዳ አይታይም። ሚስት ብትታመም የጎረቤት ሴት ትቀዳለች፤ ጎረቤት ከሌለ እህት ትጠራለች። አለኸኝ ከቡሬ ገበያ አዲስ እንስራ ይዞ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን ሲወርድ፣ ወንዙ ዳር የነበሩ ሴቶች መንገድ ለቀቁለትና ካለፈ በኋላ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። አንዷ መስተፋቅር አብልታዋለች አለች። ሀይሉ በቅሎው ላይ ሆኖ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አለኸኝ ጥርሱን ነክሶ ቀዳ። ማዘሉን ስላልለመደ ቤቱ ሲደርስ ግማሹ ውሃ ጀርባው ላይ ፈሶ ነበር።

ባንቺአየሁ ከአንድ ጀምራ ድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ከሷ ከፍ ብሎ ይቀዳል። በየቀኑ ለምን እንደሚቀዳ ትጠይቀኛለች እያለ ጠበቀ። ብትጠይቀው አይናገርም፤ ግን መጠየቅ ነበረባት። ሁለተኛው እንስራ አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ፣ አልጠየቀችም። እንደገባት ከፊቷ ያስታውቃል፤ ያም ቢሆን አበሳጨው። እሱ ያን ሁሉ ቀን በጥርጣሬ ሲቃጠል እሷ አንድ ቀን እንኳ ለምን አትቃጠልም? በዚህም ቀና። ለዚህ ቅናቱ ደግሞ የሚያመካኝበት ሰው አልነበረውም።

ሰባተኛውን ሲቀዳ ንዴቱ እግሩ ላይ ወረደ። ወንዙን እየረጋገጠ ገባና እንስራውን ደፍቆ ያዘው። ጭቃው ተነሥቶ እስከ ባንቺአየሁ እግር ድረስ ወረደ።

«ቀስ ብለው ይቅዱ እንጂ፤ ደፈረሰብኝ» አለች።

እንስራውን ዳር ላይ አስቀመጠ። የደፈረሰ ውሃ ተቀድቶ አይኬድም፤ እስኪጠራ መጠበቅ ነው። ቆሞ ጠበቀ። ሲሰለቸው ተቀመጠ። ሲቀመጥ ጀርባው ላይ ያለው የጅራፍ ሰምበር ተሰማው፤ እግሩን ውሃው ውስጥ ሲነክር ደግሞ ስንት ቀን ሙሉ ትከሻውን ወደ ላይ ሰቅሎት እንደኖረ አወቀ። ትከሻው ሲወርድ አላዘዘውም። የሚያጭደው ጤፍ ትዝ አለው፤ ተነሥቶ ሊሄድ ቃጣው፤ ውሃው ገና አልጠራም።

ባንቺአየሁ ዞር ብላ አየችው። ለምን እንደተቀመጠም አልጠየቀችውም። ድንጋዩ ላይ ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ አለችና ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። አለኸኝ የለቀቀችውን ቦታ አየው፤ አንድ ሰው ያስቀምጣል። ውሃው ጠርቶ ነበር። እንስራውን ሳይሞላ ትቶት ወደ እሷ ወረደ።