ክስ ያልተገኘለት ጥሩምባ ነፊ

አባቴ የታሰረው ሞት ሲለፍፍ ነው። ይህን ያልነገርኩት ባለሥልጣን የለም። ለቀበሌ ነግሬያለሁ፤ ለፖሊስ ነግሬያለሁ፤ ለወረዳ ነግሬያለሁ። ሁሉም እንደ ቀልድ ሰምተው "ይጣራል" አሉኝ። ዛሬም የምጽፈው ከሐዘን ሳይሆን ከንዴት ነው።

የእኛ ከተማ ከተማ ከተባለች ነው። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው ሚኒባስ መንገድ አልቆበት የሚዞርባት፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ያላት፣ ከዚያ ወዲያ ገደል የሆነች ቦታ ናት። ከገደሉ በታች ደግሞ ሌላ አገር አለ። "የታቾቹ" እንላቸዋለን። ተጋብተናል፣ ተዛምደናል፣ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነው፣ እድራችንም አንድ ነው።

አባቴ የዚያ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ገብሱን ያርሳል፣ በጎቹን ይጠብቃል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ይነፋል። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ቀጥሎ ገበያው መሐል፣ በመጨረሻ ከገደሉ አፋፍ ለታቾቹ። የሞት ጥሩምባ ረጅም ነው፤ እየተሳበ ሄዶ ይወድቃል። ለስብሰባ ወይም ለጠፋ ከብት የሚነፋው አጭር ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው። እኛ ዘንድ ይህን የሚያምታታ ሰው የለም፤ ሕፃን እንኳ ረጅሙን ሲሰማ ጨዋታውን ትቶ የእናቱን ፊት ያያል።

የመሪጌታችን ባለቤት ያረፉ ጊዜ አገሩ ተኩስ ላይ ስለ ነበር ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ስልክም ኔትወርክ ካጣ ሰንብቷል። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ንፍሮው ተነጋገሩ፤ ስለ ፈቃድ ግን አንድም ሰው አላነሣም። ለቅሶ ፈቃድ ይጠየቅበታል ብሎ የሚያስብ ሰው እኛ አገር አልተወለደም። አባቴም እንደ ወትሮው የበግ ጠጉር ባናውን ደርቦ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነፋ። ገበያው መሐል ነፋ። ወደ ገደሉ አፋፍ ሲሄድ የጸጥታ ሰዎች አስቆሙት።

"ማንን ልትሰበስብ ነው?" አሉት።

"አገሩን ሁሉ" አላቸው።

እንግዲህ ጥሩምባ ነፊ ሌላ ምን ይላል? ሥራው አገሩን ሁሉ መሰብሰብ ነው። ግማሹን ብቻ የሰበሰበ ጥሩምባ ነፊ ሰነፍ ነው። እነሱ ግን የሚፈልጉትን ከአፉ አገኙ፤ እጁን ይዘው ወሰዱት።

የመሪጌታ ባለቤት የተቀበሩት በጥቂት ሰው ነው። የእናታቸው ልጆች፣ ወንድሞቻቸው፣ ከታች ናቸው፤ አልሰሙም። ከዚያ በኋላስ ለምን አልተነገራቸውም ትሉ ይሆናል። መርዶ እኮ በአንድ ሰው አፍ፣ መንገድ ላይ፣ እንደ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይቀድማል፣ በማለዳ ተሂዶ፣ ቤቱ ሳይበተን፣ በወግ ይረዳል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ስምንት ዘጠኝ ሰው ሆኖ በጎህ ቁልቁል መውረድ ጥይት መጥራት ነው። ገበያውም ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ዝም ተባለ። መሪጌታ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የገደሉን መንገድ ሲያዩ ይውላሉ። የሚስታቸው ወንድሞች ሳይመጡ ለቅሶው እንዴት ይቋጭ?

ለአባቴ በየጠዋቱ በሶና ቆሎ ይዤ እሄድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን እንዴት አደሩ ሳልለው ቀደመኝ።

"የታቾቹ ሰሙ?"

"አልሰሙም፣ አባባ።"

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። "ሥራዬን ሳልጨርስ ነው የያዙኝ" አለ። ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔን የበለጠ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

የጸጥታ ኃላፊው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሰው ሲያናግር ስልኩን የሚነካካ ሰው ነው። ቢሮው ገብቼ ጠየቅኩት።

"የአባቴ ክስ ምንድን ነው?"

"ክስ የለበትም።"

"እንግዲያው ይፈታ።"

"ክስ የሌለበት ሰው በምን ይፈታል? መጀመሪያ ክስ መገኘት አለበት። እየተጣራ ነው።"

ቃል በቃል እንዲህ አለኝ። እኔ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያው ሊነገረው፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ መብት አለው ብዬ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። በዚያ ሳምንት ያንኑ ምዕራፍ አስተማርኩ። አንድም ተማሪ ለጥያቄ እጁን አላወጣም። አባቴ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ እኔን ላለማሳፈር ነው ዝም ያሉት። በልጆች ይሉኝታ የታለፈ ትምህርት ምን ትምህርት ነው?

አንድ ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። የክልሉ ምክር ቤት ስለ ሰዎች መያዝ ይከራከራል። አንዲት ተወካይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ወይ ክሰሱት፣ ወይ ልቀቁት! ሰው ዕቃ አይደለም፣ ተቆልፎበት አይረሳም" አሉ። ዘልዬ ጉንጫቸውን ልስም ፈለግኩ። ቀጥሎ አንድ ሰው ተነሣ፤ ቃናው የሰለጠነ ነው፣ አይቸኩልም። "መጀመሪያ ሰው በሕይወት ይኑር፤ መብቱ ይደርስበታል። ሰላም በሌለበት የግለሰብ መብት ቅንጦት ነው" አለ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ከዚያ ሻይ ሊጠጡ ተነሡ።

ሰውየው ያለው ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ሰው በመንገድ ላይ ሲሞት አይቻለሁ፤ የተማሪዎቼን አባቶች ቀብሬያለሁ። ሰላም የሚያስፈልገው ለእኔ ነው፣ ሻይ ለሚጠጣው አይደለም። ግን ጠመንጃ የያዘውን ፈርተው ጥሩምባ የያዘውን ማሰር ምን የሚሉት ሰላም ነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል አገሬዎች። የኔ አባት ዳውላ ሆነ። ከሻይ በኋላ ክርክሩ አላለቀም ተባለና ሕዝብ በየወረዳው እንዲወያይበት ተወሰነ። የኛም ተራ ደረሰ።

መምህራን በግዴታ ነው የተጠራነው። ስለ መብት ለመወያየት የቀረ ይጠየቃል ተባልን። ይህን የነገረን ርእሰ መምህር ራሱ ከት ብሎ ስቆ ነበር፤ እኔ አልሳቅኩም። አዳራሹ ውስጥ "የዜጎች መብት ለሰላም፣ ሰላም ለዜጎች መብት" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከክልል የመጡት እንግዳ ከመድረኩ ላይ የታሸገ ውኃ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ከመምህራን በቀር ሰው የለም። ማን ይመጣል? በዚያ ሰሞን ለስብሰባ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ ነበር። ሕዝቡን ሊጠራ የተላከው የድምፅ ማጉያ መኪና በየሰፈሩ ጮኾ ጮኾ ተመለሰ።

ፀሐይ ከፍ ስትል እንግዳው ሰዓታቸውን ደጋግመው ማየት ጀመሩ። የጸጥታ ኃላፊው አላበው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ጎረቤታችን ነው፣ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለው። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ባናውን እንደ ደረበ፣ በሁለት ፖሊስ መካከል፣ ወደ አዳራሹ ደጅ ሲመጣ አየሁት። ጥሩምባውን መለሱለት። አባቴን ያሰሩበትን ጥሩምባ ራሳቸው አምጥተው እጁ ላይ አኖሩት። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ።

"ንፋ" አለው ኃላፊው። "ሕዝቡን ጥራልን።"

"ከየት ላይ ሆኜ?" አለ አባቴ።

"ከፈለግክበት።"

"ከአፋፉ ላይ ቢሆን ነው የሚሻል። የታቾቹም ይሰማሉ።"

"ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ" አለው ኃላፊው፣ ትከሻውን መታ አድርጎ።

ከአፋፉ ላይ ቆሞ ነፋ። ረጅሙን ነፋ። እየተሳበ ሄደ፣ ገደሉ ተቀበለው፣ ወደቀ። ደግሞ ነፋ። ሊቀ መንበሩን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ያውቃል፤ እናቱ የተቀበሩት በዚህ ድምፅ ነው። ግን ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ኃላፊው ደግሞ "ሳንባ አለው ሽማግሌው!" እያለ ይስቃል።

ሕዝቡ መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ከላይም ከታችም መጣ። የታቾቹ ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ። አዳራሹ ሞልቶ ደጁም ሞላ። እንግዳው ደስታቸውን መቻል አቃታቸው፤ ማይክሮፎኑን ይዘው ተነሡ። "ይህን ያህል ሕዝብ ለመብቱ ሲነሣ ማየት ያኮራል" ብለው ጀመሩ። ነጠላው መዘቅዘቁን አላዩም።

ከታች የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የመሪጌታ ባለቤት ታላቅ ወንድም፣ በትራቸውን ተደግፈው ከመሐል ተነሡ።

"ጌቶች ይቅርታ አድርጉልን፤ ነገራችሁን ኋላ እንሰማለን። ማን ነው የሞተ?"

እንግዳው ወደ ኃላፊው ዞሩ፤ ኃላፊው ወደ ሊቀ መንበሩ። መልሱ ከደጅ መጣ። አባቴ ከአፋፉ ተመልሶ በፖሊሶቹ መካከል እንደ ቆመ፣ ሞት ሲለፍፍ በሚያወጣው በዚያ ድምፅ፣

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የመሪጌታ ባለቤት አርፈዋል!" አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "ቀብሩ አልፏል፣ ወገኖቼ። ያልሰማችሁት እኔ ስለ ታሰርኩ ነው። መርዶ እንዲህ በአደባባይ አይነገርም፣ አውቃለሁ። የምነግርበት ሌላ ቦታ አጣሁ። ይቅር በሉኝ።"

ሽማግሌው በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ። "እህቴን!" ብለው የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። ከዚያ ማንም ሳያዝዝ ሕዝቡ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ መሪጌታ ቤት ነጎደ። መሪጌታ ከበራፋቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ የሚስታቸውን ወንድም ሲቀበሉ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። እኔ አላየሁም፤ ከአባቴ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

"መልሳቸው! ንፋና መልሳቸው!" ኃላፊው ይጮኻል።

"ለቅሶ የሄደ ሰው በጥሩምባ አይመለስም፣ ጌታዬ" አለው አባቴ። ጥሩምባውን ቀምተው ይዘውት ሄዱ።

አዳራሹ ውስጥ እኛ መምህራን ብቻ ቀረን። እንግዳው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ለወጉ ያህል፣ "አስተያየት ያለው?" አሉ። ተነሣሁ።

"አሁን የወሰዱት ሰው አባቴ ነው። ለቅሶ በመልፈፉ ያለ ክስ ታስሯል። ወይ ክሰሱት፣ ወይ ልቀቁት።"

እንግዳው በትዕግሥት ፈገግ አሉ። "እህቴ፣ የመጣነው ስለ ግለሰብ መብት ለመወያየት ነው። የግለሰብ ጉዳይ እዚህ አይነሣም።"

ተቀመጥኩ። ባልደረቦቼ ጫማቸውን ያያሉ። የምሳ ሰዓት ደረሰና ውይይቱ ተዘጋ። ማምሻውን ሬዲዮው የአካባቢያችን ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ እንደ ተወያየ ተናገረ፤ ሬዲዮውን ከግድግዳ ጋር ያላላተምኩት የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለ ሆነ ብቻ ነው።

በማግስቱ በሶውን ይዤ ስሄድ በር ላይ ያለው ፖሊስ ሲያየኝ ፊቱ በራ። የኛው አገር ልጅ ነው፤ የምሥራች ያለው ይመስል ነበር።

"ክስ ተገኘላቸው!"

"ምን የሚል?"

"ሕጋዊ ስብሰባ በትነዋል።"

አባቴ ከውስጥ ወጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ፊቱ ከሰሞኑ ይልቅ ፈካ ብሏል።

"ሰማሽ፣ ልጄ? ሰው ሰበሰብክ ብለው ያዙኝ፤ ሰው በተንክ ብለው ከሰሱኝ። ይሁን። ክስ ካለ ዳኛ አለ፤ ዳኛ ካለ እናገራለሁ።"

"እሰይ፣ አባባ" አልኩት። ከልቤ ነበር፤ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም። የትምህርት ቤቱ ዳገት እኩሌታ ስደርስ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ያለ ጥፋቱ ለተከሰሰ አባቴ እሰይ አልኩ። መታሰሩን አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል። ይህን እሰይ ከአፌ ያወጡትን ግን ይቅር አልልም።