የጥንቁቁ ሰው ቃለ መሐላ

ዌንዴል ቫን ኦርደን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውራጃው ድልድይ መርማሪ ነበር። ድልድዩ ደህና ነው ብሎ ከፈረመ በኋላ እንኳ ቤቱ የሚገባው ወንዙን በሩቅ ዞሮ ነው ይባላል። በዓይኔ አላየሁም፤ ግሌንዳ ካፌ ጠዋት ጠዋት ከምንሰየመው መካከል ግን የሚጠራጠር የለም። መኪናውን ቆልፎ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ እጀታውን ይነካካል። የቀረበለትን እንቁላል መታወቂያ መጠየቅ ነው የቀረው።

ግዛታችን በልብስ ሥር ሽጉጥ ስለመያዝ አዲስ ሕግ ሲያወጣ፣ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ታጥቆ የማይገባባቸውን ቦታዎች ዘረዘረ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መናፈሻ፣ አውቶቡስ፣ ሌላው ቀርቶ እኛ ጋ የሌለ የእንስሳት ማቆያ። ሕጉን በፍርድ ቤት ለማስሻር የተነሱ ጠበቆች ከሳሽ ፍለጋ ወጡ። የሚፈልጉት ነገረኛ ያልሆነ፣ ሰክሮ የማያውቅ፣ ሲያዩት እንቅልፍ የሚያመጣ ሰው ነው። ጠበቃው ሮርክ ዌንዴልን ሲያገኝ ከደስታው ብዛት ፓንኬክ ሁለቴ አዘዘ።

"አንተን ዳኛ ፊት ሳቆምህ" አለው፣ "ሕጉ ራሱ አንገቱን ይደፋል።"

ክሱ በዌንዴል ስም ተከፈተ። ቀድሞ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃዱን ሲያወጣ ስለ ጠባዩ ከመሰከሩለት አራት ሰዎች አንዷ የካፌው ባለቤት ግሌንዳ ነበረች። ሽጉጥ አትወድም፤ "ጥንቁቅ ሰው ነው" ብላ ግን ፈርማለች።

ችሎቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ፣ ዌንዴል ቁርሱን በላ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ወጣ፣ መኪናውን እንደ ልማዱ ነካክቶ ሄደ። ሽጉጡ ቀበቶውን ሲፈታ ካስቀመጠበት የሶፍት መስቀያ ላይ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ነው የነገረን።

ግሌንዳ ደውላ ጠራችው። ወጥ ቤቱ ጓሮ ቆማ ነበር፤ ሽጉጡ ዳቦ ቅርጫት ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሏል።

"ጥይት ጎርሷል?" አለችው።

"አዎ።"

"የወይዘሮ ፕላትን የልጅ ልጅ፣ ሜይቪን፣ ከበሩ ነው የመለስኳት። ወለሉን ልጥረግ ብዬ እንጂ ሽጉጡን አይቼ እንዳይመስልህ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዌንዴል።"

ዌንዴል ቅርጫቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

"ለማንም አልናገርም" አለች ቅርጫቱን እየሰጠችው። "እኔ የፈረምኩት ግን ለሌላ ሰው ነው መሰለኝ።"

ዓርብ ዌንዴል ወደ ሮርክ ቢሮ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የሚፈርምበት ቃለ መሐላ ተዘርግቷል፤ አራተኛው አንቀጽ "መሣሪያዬን ከዓይኔ ለይቼ አላውቅም" ይላል። ዌንዴል የሆነውን ተናገረ።

"ማን ያውቃል?" አለ ሮርክ።

"ግሌንዳ።"

"ታወራለች?"

"አታወራም።"

"እንግዲያው ማንም አያውቅማ።"

"እኔስ?"

ሮርክ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱን አጨማደደ። "በል ከክሱ ውጣ። ከሳሽ ሞልቷል፣ በሁለተኛው ስም እንቀጥላለን። ለፍርድ ቤቱ በጤና ምክንያት ነው እንላለን፤ ተስማማህ?"

ዌንዴል ዝም አለ። ሮርክም ዝምታውን እሺታ አድርጎ ጻፈው።

የኛ ከተማ ወሬ የፖስታ ቤት ሰልፍ አይጠብቅም። ቅዳሜ ጠዋት ዌንዴል ልቡን ታመመ፤ ከሰዓት ኩላሊቱ ተጨመረ፤ እሑድ ስሙን ሐኪም እንኳ የማይደፍረው በሽታ ያዘው። በቺዝ የተጋገረ መኮሮኒ፣ ድንች፣ ዶሮ ከየቤቱ ጎረፈለት፤ ማቀዝቀዣው አልዘጋ ብሎ በወንበር ተደገፈ። እኔም ሾርባ ይዤ ሄጄ ነበር። ክሱን የሚደግፈውም የሚቃወመውም እጁን ጨበጠው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ሲጸለይለት አንገቱን ደፋ፤ ከኋላው የተቀመጥነው "አቤት፣ ሕመሙ ጠንቶበታል" ተባባልን።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ፕላት በሁለት እጇ የመኮሮኒ ትሪ ይዛ የዌንዴልን በር በእግሯ መታች፤ ከፈተላት።

"ግባ፣ ግባ፣ ብርድ ላይ አትቁም። ቺዙን የነሰነሰችው ሜይቪ ናት፤ ግማሹን በልታዋለች እንጂ።"

"ወይዘሮ ፕላት፣ እኔ አልታመምኩም።"

"ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው።"

"ማክሰኞ ለት ሽጉጤን ግሌንዳ ጋ መጸዳጃ ቤት ረስቼ ወጣሁ። ጥይት ጎርሶ ነበር። ሜይቪ ልትገባ ስትል ግሌንዳ ናት የመለሰቻት። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ በሽታ የለብኝም።"

ወይዘሮዋ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው ደስ ባለው።

"ስንት ደቂቃ ቆየ እዚያ?" አለችው።

"አላውቅም።"

"አታውቅም?"

"አላውቅም፣ ወይዘሮ ፕላት።"

የድልድይ ስንጥቅ በፀጉር ውፍረት ሲለካ የኖረ ሰው ይህን መመለስ አልቻለም። ትሪውን ይዛ ተመለሰች፣ መኪናዋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ በደህንነት ቀበቶ አሰረችውና ቀስ ብላ እየነዳች ሄደች።

ዌንዴል ኮቱን ለበሰ። ሁለት ሰዓት ነድቶ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ደረሰ።

"ከክሱ የመውጫ ማመልከቻህ እኮ ገብቷል" አለችው ጸሐፊዋ። "ምን ልታስተካክል ነው?"

"ምክንያቱን።"

"እሱን ማንም አያነበውም፣ አባባ።"

"ይነበብልኝ አላልኩም።"

ወረቀት ገፋችለት። ዌንዴል እንደ ድልድይ ምርመራ አድርጎ ሞላው፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሽጉጡን ሁኔታ፣ ያገኘችውን ሰው፣ ከበሩ የተመለሰችውን ልጅ ዕድሜ። አንድ መስመር ሲቀረው ከኋላው ሰዎች ተሰልፈው ነበር። በመጨረሻ "የቆየበት ጊዜ አይታወቅም" ብሎ ጻፈና ፈረመ።