ለጋሼ ማን ይንገራቸው

«አንቺ አሳዳጊ የበደለሽ! መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው?»

እንዲህ ያሉኝ ምክትል ኃላፊያችን ናቸው፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ፊት ለፊት። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። የታመመም ሰው አልነበረም። የታመመችው እላያችን ላይ የምትዞር፣ የዘይት ጀሪካን የምታክል ሳተላይት ናት። እሷን ብዬ ነው አሳዳጊዬን ያሰደብኩት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ ኮምፒውተር ላይ እጄ ፈጣን ስለሆነ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት ካለ ፎቅ ላይ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ታች ጁስ ቤትና ሞባይል ጥገና፣ ላይ እኛ። አንቴናው ከከተማ ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ነው የተተከለው፤ ከሳተላይቷ ጋር የሚነጋገሩት ሰዎች ግን እኛ ጋ ነው የሚቀመጡት። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ሰፈሬ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ሰዎች «የት ገባሽ?» ሲሉኝ «ሳተላይት» እላለሁ፤ ዲሽ የምገጥም ይመስላቸዋል። አንዲት ጎረቤታችንማ «እስቲ ነይና የእኔንም አዙሪልኝ፣ ከዝናቡ ወዲህ ድራማው ጠፍቶብኛል» ብለውኛል።

ውጭ ተምራ የመጣች መሐንዲስ ነበረችን። ከጽሕፈት አንስታ ሞዴል ላይ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። ሞዴል የምትለው ሥራውን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ መሣል ነው። ሰውም፣ አንቴናም፣ ሳተላይቷም ሳጥን ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መልእክት ሁሉ ቀስት ነው። «ድሮ ሁሉም የየራሱን ወረቀት ይዞ ይዞራል» ትላለች፤ «አንዱ ሲያርም ሌላው አይሰማም። አሁን ያለን አንድ ሥዕል ነው። አንድ ቦታ ስትነኪው ሁሉም ጋ ይለወጣል። እዚህ ላይ ያልተስማማንበትን ነገር ደግሞ ሰማይ ላይ አንሞክረውም።» ስትናገር ሰባኪ ናት። እኔም አመንኩ።

የመረጠችኝ ነገር ስለማልተው ነው። አንዱ ሰው ጎን ወንበር እስብና እጠይቃለሁ። ከዚያስ? ለማን ትነግራለህ? እሱ ከሌለስ? ሽንት ቤት ሄዶስ ቢሆን? ሰው ሲያየኝ መሸሽ ጀመረ። ኦፕሬተሩ፣ ሳተላይቷ ስታልፍ የምትልከውን ስክሪን ላይ የሚያነበው ልጅ፣ «ጀለሴ፣ አንቺ ምርመራ ክፍል ነበር መቀጠር የነበረብሽ» ይለኛል።

ከሣልኩት ሁሉ የምኮራበት አንድ ቀይ ቀስት ነበር። ሳተላይቷ ችግር ካሳየች፣ ቀስቱ ከኦፕሬተሩ ተነስቶ፣ ማንም ጋ ሳይቆም፣ ወዲያው ኃላፊው ጋ ይደርሳል። ያለ ኃላፊው ቃል ወደ ላይ ትእዛዝ አይላክምና። ኃላፊያችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ለዚህች ሳተላይት ብለው ጡረታቸውን ያዘገዩ ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አይተው «ጥሩ ነው ልጄ፣ ጭቅጭቅ የለውም» አሉ። ምክትሉም እሺ አሉ። ሁሉም እሺ አለ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ።

ኦፕሬተሩ ስክሪኑን አየና ከወንበሩ ተነሳ። ሳተላይቷ ባልሆነ ጎኗ ዞራለች። ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስበው ጎኗ ጨለማ ውስጥ ገብቷል፤ የካሜራዋ ዓይን ደግሞ ፀሐይዋ ላይ አፍጥጧል። ባትሪዋ እየወረደ ነው። የሚላኩት ትእዛዞች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከሬዲዮሽ በቀር ሁሉን አጥፊ የሚል፣ ሁለተኛው ዙሪና ቦታሽን ያዢ የሚል። አሁን አልፋን ሄዳለች፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ምድርን አንዴ ዞራ ባናታችን ታልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ የለችም። እስከ ማታ ደግሞ በዚህ ባትሪ አትቆይም። የቀረው የጋሼ ቃል ብቻ ነው። ጋሼ ከግድግዳው ወዲያ ቢሯቸው ውስጥ ናቸው፤ ሲያስሉ ይሰማል።

ምክትሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ ቁርስ በልተዋል?» አሉ።

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም።

«መድኃኒታቸውንስ ወስደዋል?» አለ ኦፕሬተሩ። ጋሼ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነበር።

«እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም» አሉ ምክትሉ። «የንስሐ አባታቸው ስልክ ማን ጋ ነው? ታናሽ ወንድማቸውም ሜክሲኮ አደባባይ ሱቅ አላቸው፣ ይጠሩ። ሰው ይኑር።»

ክው አልኩ። መርዶ አላውቅም አይደለም። አጎቴ የሞተ ጊዜ ለእናቴ ሲነግሯት አይቻለሁ። ማታውን በልታ እንድትተኛ ትተዋት፣ ጎህ ሲቀድ መጥተው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው የነገሯት። ደግ ነገር ነው። ግን አጎቴ ሞቶ ነበር። እናቴ ቀድማ ብትሰማ የምታተርፈው ነገር የለም።

ወደ መሐንዲሷ ዞርኩ፤ እሷ አንድ ነገር ትላለች ብዬ። ስልኳን አውጥታ የንስሐ አባትየውን ቁጥር ትፈልጋለች።

«ቀስቱስ?» አልኳት። «ወዲያው ይላል እኮ! ቀጥታ ይላል! ቀይ አድርጊው ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«ሥዕሉ ላይ ጋሼ ሳጥን ናቸው» አለችኝ ቀና ሳትል። «እዚያ የተቀመጡት ግን ሰው ናቸው።»

«ሳተላይቷስ?»

«ትመለሳለች። እስቲ አትጩሂ፣ ይሰሙሻል።»

ካህኑ ቅዳሴ ላይ ናቸው ተባለ። ሊጠበቁ ነው! ወንድምየው እያለከለኩ መጡ፣ ነገሩ በሹክሹክታ ተነገራቸው፣ «አዬዬ፣ ጉዳችን» ብለው ተቀመጡ። እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ። ስክሪኑ ካርታ ላይ ሳተላይቷን የምታሳየው ነጥብ ወደ እኛ ስትቀርብ ጊዜ፣ ካህኑን መጠበቁ ቀርቶ ተያይዘው ወደ ጋሼ ቢሮ ገቡ። ኦፕሬተሩም አብሮ ገባ። ወንበሩን ባዶ ጥሎ! ሳተላይት በላያችን እየመጣች ያ ወንበር ባዶ ሆኖ አየሁ፤ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ማንም ጤና ይስጥልኝ አላለም። በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ተቀመጡ። ወንድምየው ጎናቸው ሆነው እጃቸውን ያዙ። ምክትሉ ትኩሱን ሻይ ከፊታቸው አነሱ፤ ሰው ሲረዳ ራሱን እንዳያቃጥል መሆኑ ነው። ኦፕሬተሩ ከኋላቸው ቆመ፣ ቢወድቁ ሊይዝ።

ጋሼ ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። «ምን ሆናችኋል?»

ምክትሉ ሻዩን ወስደው መስኮቱ ጋ አስቀመጡት።

«ተናገሩ እንጂ። አንተ፣ ሱቅህን ጥለህ ምን አመጣህ?»

ወንድምየው መሬት መሬቱን አዩ። የጋሼ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ወንድ ልጃቸው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ «እኔ ሰማይ ሰማይ ስል እሱ ጎማ ላይ ቀረ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

«ልጄ ነው?» አሉ።

ያኔ እንኳ አንድ ሰው አይደለም አይልም? ምክትሉ «ይረጋጉ ጋሼ» አሉ። ሌላ ምንም። ጋሼ ለመነሳት ሞክረው አቃታቸው፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

«ልጅዎ ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሳተላይቷ ናት ጋሼ! ባትሪዋ እያለቀ ነው፣ ይኸው ባናታችን እያለፈች ነው፣ ላኩ ይበሉን!»

ምክትሉ አሳዳጊዬን የሰደቡት ይሄኔ ነው።

ጋሼ አፍጥጠው አዩኝ። «ሳተላይት?» አሉ። «ሳተላይት ናት?» ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉና «ተመስገን፣ ተመስገን» ማለት ጀመሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁትም። እንዲያው እንደተደፉ እጃቸውን ወደ ኦፕሬተሩ አወናጨፉ፦ «ምን ትገተራለህ? ላክ!»

ልጁ ሮጠ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ወጣ፣ እሷም ደረሰኝ ብላ መለሰች። ሁለተኛውን ሲያዘጋጅ ከተራራው ጀርባ ጠለቀች።

ማታ ስትመለስ በሕይወት ነበረች። ዙሪ ተባለች፣ ዞረች። ቢሮው በጭብጨባ ተናወጠ። ምክትሉም «ይኸው፣ ነገር በእርጋታ ሲያዝ እንዲህ ያምራል» አሉ፣ እኔን እያዩ። ካሜራዋ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አፍጥጣ ውላ ተቃጥላለች። ከዚያ ወዲህ የምትልከው ፎቶ ሁሉ ነጭ ነው፤ እንደ አንሶላ። የተላከችው ደግሞ የምድርን ፎቶ ልታነሳ ነበር።

ከቀናት በኋላ መሐንዲሷ ጠራችኝ። ሥዕሉን ከፍታለች።

«እዚህ ጋ አንድ ሳጥን ጨምሪ» አለችኝ። ጣቷን ቀይ ቀስቴ ወገብ ላይ፣ በኦፕሬተሩና በጋሼ መሃል አድርጋለች።

«ምን ብዬ?»

«ሽማግሌዎች በይው።»

የምትቀልድ ከሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። አትቀልድም።

«መልእክቱ እዚህ ሳጥን ውስጥ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?»

«እስኪመቻች።»

«እስኪመቻች የሚባል ሰዓት አለ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ሣዪው። ከሁሉ በፊት በዚህ የሚያልፍ ነገር አለ። የካሜራዋ ነገር፣ ጋሼ ገና አልሰሙም።»

ለካ ጋሼ ፎቶ አምጡ ባሉ ቁጥር ያንኑ ነጭ ፎቶ እያሳዩ «ደመና ነው» ይሏቸው ኖሯል።

ማውዙን ለቀቅኩ። ቦርሳዬንና ጃንጥላዬን አንስቼ የጋሼን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት። መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ።

«ጋሼ፣ ደመና አይደለም። ካሜራዋ ተቃጥላለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አልደነገጡም። «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «የዚያኑ ማታ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሊነግሩኝ እየተዘጋጁ እኮ ነው። ወንድሜንም ጠርተውታል፣ አባም በሰንበት ይመጣሉ። ድካማቸውን ላበላሽባቸው?» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «በይ በሩን ዝጊልኝ፣ እንዳይሰሙሽ።»

በሩን ዘጋሁላቸው። ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ ነው። ደረጃውን ወርጄ፣ በጁስ ቤቱ በኩል ወጥቼ፣ ላልመለስ፣ በሜክሲኮ አድርጌ ወደ ሰፈሬ ሄድኩ።