ያልታተመው የሻምፒዮን ቲሸርት

ጎረቤቴ አታሚ ናት፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቆቻችንን የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ስታስነጥስ ከወንበሬ ሳልነሳ "ይማርሽ" እላታለሁ። ቲሸርቱን እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ የቡድኑን ዓርማ ታትምበታለች። ኮፍያ ላይም፣ ኩባያ ላይም ታትማለች። ዝም ብለህ ከቆምክ አንተም ላይ ታትማለች። ለቀለም የምትጠነቀቀውን ያህል ለሰው ብትጠነቀቅ እያልኩ እቀልድባት ነበር፤ አሁን ያን ቀልድ ትቼዋለሁ።

እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ልጁ የሰፈራችን ቡድን በረኛ ነው። ሲቆጣትም ሲለምናትም "እታለም" ነው የሚላት። ቡድናችን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም፤ ለነገሩ በቅርብ አይቶም አያውቅም። ዘንድሮ ግን እንደምንም ተንፏቆ ለፍፃሜ ደረሰ።

የፍፃሜ ገበያ ጊዜ አይሰጥም። "ሻምፒዮን" የሚል ቲሸርት ፊሽካው ሲነፋ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት፤ ደጋፊ ካደረ ይበርዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ለሁለቱም ቡድኖች አስቀድማ ታትማለች፤ የተሸናፊው የቀለም መጥረጊያ ይሆናል። በዚህ ፍፃሜ ግን የነበረን ጨርቅ ለአንድ ቡድን ብቻ የሚበቃ ሆነ። ለማን እንደምታትም ስጠይቃት የተጋጣሚያችንን ዓርማ የያዘውን የማተሚያ ፍሬም ከመደርደሪያው አወረደች። እኔም የሰፋኋቸውን ቲሸርቶች አቀበልኳት። ቡድናችን ይሸነፋል ብዬ እኔም አስቤ ነበር።

በጨዋታው ዕለት ጠዋት ወንድሟ የተቀደደ ጓንቱን እንድሰፋለት ሰጥቶኝ ወደ እሷ ገባ። የተጋጣሚዎቹ ቲሸርቶች ሽቦው ላይ ተሰጥተው ይደርቁ ነበር። የተባባሉትን በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

"የኛስ የታለ፣ እታለም?"

"የናንተን ከሰዓት ነው የማትመው። ጨዋታው ሳያልቅ ይደርሳል፤ አንተ ብቻ ኳሷን ያዝልኝ።"

አመናት። ጓንቱን ሊወስድ ሲመጣ ያፏጭ ነበር። እኔም መርፌዬን እያየሁ አቀበልኩት።

ከሰዓት ምንም አልታተመም። ጨርቅ ከየት ይምጣ? እሷ ቲሸርት እያጠፈች፣ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ቆየን። አመሻሽ ላይ ከሜዳው በኩል ጩኸት ተነሳ። የማን እንደሆነ ለማየት ብንወጣ የሰፈራችን ልጆች ወደ እኛ እየሮጡ ነው። በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፈዋል፤ የመጨረሻዋን ኳስ በጣቱ ጫፍ ያወጣት የእሷ ወንድም ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ አመድ መሰለ። ተመልሳ ገብታ ቲሸርቶቹን በሁለት እጇ እያፈሰች ጆንያ ውስጥ ትጠቀጥቅ ጀመር።

ለካ ልጁ መልበሻ ክፍል ውስጥ እህቴ የኛን እያተመች ነው ብሎ ለሁሉም ነግሮ ኖሯል። ደጋፊው በሩን ሞላው። እሱንም በትከሻ ተሸክመው አመጡት። ባዶውን ሽቦ አየ፤ ከጆንያው አፍ ያመለጠውን፣ የተጋጣሚዎቹ ዓርማ የታተመበትን እጅጌም አየ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረና፣ ሟርት እንዳይሆንብን ፈርቼ አታትሚ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እያተመች ነው ያልኳችሁም እንድትበረቱ ብዬ ነው አለ። ሰዉም ስቆ፣ አሹፎበት፣ ነገ እንመጣለን ብሎ ሄደ።

ጭር ሲል ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር ቀደማት።

"የነሱን ማተምሽ አልከፋኝም፤ እኔም ብሆን የነሱን ነበር የማትመው። ግን እታለም፣ የመጨረሻዋ ኳስ ስትመታ 'አሁን እያተመችልን ነው' እያልኩ ነው የቆምኩት።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር፤ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጨርቅ ፈልጌ ሰፋሁ፣ እሷም አተመች፤ የመጀመሪያውን ለእሱ ሰጠችው። አሁን ከላዩ ላይ አያወልቀውም። ሱቋ በር ላይ ቆሞ ላገኘው ደንበኛ ሁሉ ደረቱን እየነካ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ለእኔ ብቻ ደብቃ ያተመችልኝ ነው ይላል። እሷም ያን ጊዜ ፊቷን ታዞርና የታጠበውን ፍሬም እንደገና ታጥባለች።