አይተኛም ወደ ልጁ ሲሄድ

ደፍሬ ለመጻፍ በመነሳቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደሉን እየለቀምኩ ነው የምጽፈው፤ የተሳሳተውን እንደ ወሬ ቆጥራችሁ እለፉት። ሌላ ሰው ሲያወራው እንዳያበላሸው ፈርቼ እንጂ እኔማ የጽሕፈት ሰው አይደለሁም። ባለታሪኩ ራሱ በስልክ እየሳቀ እንዳጫወተኝ ነው የማወራችሁ።

ሰውየው የእህል መጋዘናችን ዘበኛ ነበር፤ "አይተኛም" እንለዋለን። ከመሸ በኋላ የየበሩን እጀታ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ እያደረገ ይዞራል። አሁን ተቀመጠ ሲሉት ደግሞ ይነሳል። ሚስቱ ስትሞትበት ባሕር ማዶ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው አንድ ልጁ "በቃ፣ ከእኔ ጋር ትኖራለህ" ብሎ ወረቀቱን ጨረሰለት።

"አባዬ፣ አደራህን፣ ምንም ነገር እንዳትነካ። ችግር ከፈጠርክ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ይመልሱሃል።"

"ምን ልነካ? ሕፃን አደረግከኝ እንዴ?" አለ።

አውሮፕላኑ የተነሳው በጠዋት ነው። ምሳ እንደተበላ አስተናጋጆቹ መስኮቱን ሁሉ አስዘግተው መብራቱን አጠፉት። ይሄኔ መቀመጫው እሾህ ሆነበት። ተሳፋሪው አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። "ይሄ ሁሉ ሰው ተኝቶ ማን ነው የሚጠብቀው?" አለ በልቡ። እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ ቀበቶውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። አልሆነለትም። ተነስቶ በጠባቧ መተላለፊያ እስከ መጨረሻው ሄደ። እዚያ በር አገኘ። እጁ ባለቤቱን ሳያማክር እጀታውን ያዘ።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?" አስተናጋጇ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

"መቆለፉን ላይ ብዬ ነው፣ ልጄ። ዘበኛ ነኝ።"

አለቃዋ ከተፍ አለ። "ማን ቀጠርዎት?"

አንዱ ተሳፋሪ ባንኖ "ሌባ ገባ እንዴ?" ሲል አስተናጋጇን ሳቅ አመለጣት። አለቃዋ ግን ፊቱን አልፈታም። "ስንደርስ ለፖሊስ እንናገራለን፤ ግዴታችን ነው" ብሎ አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ እህል ውሃ በአፉ አልዞረም። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ "አለቀልኝ፤ ልጄ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ በመጣሁበት ልመለስ ነው" ይላል።

ሲወርዱ ፖሊሱ በአስተርጓሚ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀው፤ ፓስፖርቱን አገላበጠና "ይሂዱ" አለው። ሄደ፤ ግን አላመነም። ልጁ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስ እሱ ዓይኑ ወደ ኋላ ነው። "እንዲህ በቀላሉማ አይለቁኝም፤ ቤቱን አይተው ሊወስዱኝ ነው" ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ አደረ። ሊፍቱ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ሻንጣውን ይጨብጣል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈ፣ ሻንጣውን አነሳ።

"ወዴት ነው አባዬ?" አለ ልጁ በሩን እየከፈተ።

አንዲት ጎረቤት ናት፤ ዳቦ ይዛ እንግዳውን ልታይ መጥታ ነው። ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ባዶውን ደረጃ አየ። ከዚያ ቁጭ አለና የጫማውን ክር ፈታ። ሻንጣውንም ከፈተ።

"ልጄ፣" አላት ምራቱን፣ "ኮቴን የት ልስቀለው?"